ስለ ነርስ ትምህርት ቤት አመራረጥ

ልጃችንን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው በመጣ ጊዜ ወላጆች ሁሉ የምናደርገው የታወቀ ነው። ዘሩን እስከ ሰባት ቤት እንቈጥራለን፤ ጠባዩን ከጎረቤቱ እንጠይቃለን፤ ስለ ራሱ የሚናገረውን ብቻ ሰምተን እሺ አንልም። ነገር ግን ያችኑ ልጅ የወጣትነት ዘመንዋንና የቤተ ሰቡን ጥሪት ለምትሰጠው ትምህርት ቤት ስናስረክባት፥ ብዙዎቻችን የደጃፉን ማማርና የተቀባዩን ትሕትና አይተን እንፈርማለን። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን አድርገነው ልጅ ስለ ተጐዳችበት ነው።

የምንኖረው በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ብዙዎች ናቸውና፥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ነርስ የሆነች ወይም ነርስ ለመሆን የምትማር ልጅ አትታጣም። የእኅታችን ታላቂቱ ልጅ ግን የተማረችው በሌላ ግዛት ነበር። አባትዋ ዐርፎ ስለ ነበረ ምክርን ከእኛ ትጠይቅ ነበር፤ እኛም እስከዚያው ድረስ ሄደን ትምህርት ቤቱን ጐበኘንላት። ሕንፃው መስተዋት የለበሰ፥ ወለሉም የሚያበራ ነበር። የተቀበሉን ሰው «ዕውቅና አለን» ብለው በግድግዳው ላይ የተሰቀለ፥ ዙሪያው በወርቅ ቀለም ያጌጠ ወረቀት አሳዩን። እኛም ማኅተሙን አየን እንጂ ጽሑፉን አላነበብንም። በዚያኑ ቀን ፈርመን የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈልን።

ልጅቱ በርትታ ተማረች፤ ፈተናውንም አለፈች፤ የሥራ ፈቃድዋን ተቀብላ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራ ጀመር። ነገሩ የተገለጠው ከሦስት ዓመት በኋላ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ወደ ባችለር ዲግሪ ለማሳደግ ባመለከተች ጊዜ ነው። ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ «የተማርሽበት የነርስ ትምህርት ክፍል ዕውቅና የለውም፤ ስለዚህ ትምህርትሽን አንቈጥርልሽም» ብሎ መለሰላት። ያ በግድግዳው ላይ ያየነው ወረቀት ሐሰተኛ አልነበረም። ነገር ግን ዕውቅናው የተሰጠው ለትምህርት ቤቱ በጠቅላላው ነበር እንጂ ለነርስ ትምህርቱ አልነበረም። ይህን በስልክ በነገረችን ጊዜ አላለቀሰችም፤ አልወቀሰችንምም። «ጋሼ፥ ያን ወረቀት ያን ጊዜ አንብበውት ነበርን?» አለችን ብቻ። መልስ አልነበረንም።

ከዚህ በኋላ እናታቸው ከታናሺቱ ልጅ ጋር ወደ እኛ ቤት መጥታ ተቀመጠች። ታናሺቱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትዋን በሜሪላንድ ጨርሳ «እኔም ነርስ እሆናለሁ» ባለች ጊዜ፥ ዘመድ ተሰብስቦ ምክር ሆነ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «በሽተኛ ማጠብና ቁስል መጥረግ ለጨዋ ልጅ ይገባልን? ሐኪም ትሁን እንጂ» አሉ። እኛም የልዕልት ፀሐይን ነገር አስታወስናቸው። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በለንደን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ ተምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ነርስ ሆነው መመረቃቸውን ሽማግሌውም ያውቁ ነበርና «ይህስ እውነት ነው» ብለው ዝም አሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያላፈሩበትን ሥራ እኛ ልናፍርበት አይገባም።

ምክሩ ከተፈጸመ በኋላ የትምህርት ቤቱን ነገር እንድትመረምር የተመረጠችው ታላቂቱ እኅት ናት። ከምትሠራበት ግዛት መጥታ አንድ ሳምንት ከእኛ ጋር ሰነበተች፤ በየማታውም ከራት በኋላ በገበታው ዙሪያ ተቀምጠን፥ እርስዋ እየጠየቀች እኛ እንጽፍ ነበር። ያን ጊዜ የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በአሜሪካ አገር አንድ የነርስ ትምህርት ቤት ሦስት ልዩ ልዩ ምስክር ሊኖረው ይገባል። ሦስቱም በአፍ ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የግዛቱ ፈቃድ ነው። በሜሪላንድ ይህን የሚሰጠው የግዛቱ የነርሶች ቦርድ ነው። ቦርዱ ካልፈቀደው ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ወደ ሥራ ፈቃድ ፈተናው መቅረብ አትችልም። ሁለተኛው ለኮሌጁ በጠቅላላው የሚሰጠው ዕውቅና ነው፤ በሜሪላንድ ያሉትን የታወቁትን ኮሌጆች የሚመረምረው ሚድል ስቴትስ የሚባለው ኮሚሽን ነው። ሦስተኛው ለነርስ ትምህርቱ ለብቻው የሚሰጠው ዕውቅና ነው። እኛን ያሳተን ሁለተኛውን አይተን ሦስተኛውን ያየን ስለ መሰለን ነው።

ይህን ሦስተኛውን ምስክር ከሚሰጡት ማኅበሮች ዋኖቹ ሁለት ናቸው። በአጭሩ ኤሲኢኤን የሚባለው ከረዳት ነርስ ትምህርት ጀምሮ እስከ ዶክተርነት ያለውን ሁሉ ይመረምራል። ሲሲኤንኢ የሚባለው ግን የሚመረምረው ባችለር ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤት «ይህ ትምህርታችን ከሲሲኤንኢ ዕውቅና አለው» ቢል፥ ነገሩ ከሥሩ የተሳሳተ መሆኑ ይታወቃል። ደግሞም ዕውቅና ለዘለዓለም የሚሰጥ አይደለም። ሲሲኤንኢ ለአዲስ ትምህርት ከአምስት ዓመት የማይበልጥ፥ ለታደሰውም ከ10 ዓመት የማይበልጥ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ልጅቱ ከመመረቅዋ በፊት ዘመኑ የሚያልቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ምስክሩን ከማን እንደምንሰማ ነው። ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የሚናገረው የሙሽራው የራሱ ቃል ነው። ቦርዱና ማኅበሮቹ የፈቀዱላቸውንና የመረመሩዋቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ለሁሉ የሚታይ አድርገው በየመዝገባቸው ይገልጻሉና፥ የትምህርት ቤቱን ስም ከዚያው ከመዝገቡ ፈልጎ ማንበብ ይገባል። ታላቂቱ ልጅ ይህን በምታደርግበት ጊዜ እያንዳንዱን ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልን ነበር። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ አልጠየቅናትም።

የሥራ ፈቃዱ ፈተና ኤንክሌክስ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2023 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጀምሮ በአዲስ ዓይነት ተዘጋጅቶአል። ተፈታኙ ከ85 የማያንስ ከ150 የማይበልጥ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ የሚሰጠውም ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ከየትምህርት ቤቱ ከወጡት ተማሪዎች ፈተናውን በመጀመሪያው ጊዜ ያለፉት ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ የሜሪላንድ ቦርድ ያስታውቃል። ይህን ቍጥር የአንድ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የብዙውን ዓመት አስተያይቶ ማየት ከሕንፃው መስተዋት ይልቅ ብዙ ያስረዳል።

በዚህ ዓይነት የሜሪላንድን ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ተመለከትን። ታውሰን፥ ቦዊ ስቴት፥ ኮፒንና ሶልስበሪ የሚባሉት የግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ባችለር ዲግሪ ይሰጣሉ። በባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በሮክቪል ከተማ ሼዲ ግሮቭ በሚባለው ስፍራም ያስተምራል። ነገር ግን እዚያ የሚገባው መሠረታዊውን ትምህርት አስቀድሞ በሌላ ኮሌጅ የጨረሰ ተማሪ ነው። ስሙ በዓለም የታወቀው የጆንስ ሆፕኪንስ የነርስ ትምህርት ቤት ደግሞ አዲስ ነርስ የሚያደርገው አስቀድሞ በሌላ ትምህርት ዲግሪ ያለውን ሰው ነው እንጂ ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ ልጅ አይቀበልም። በቤታችን አጠገብ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጣል፤ ስሙንም በቦርዱና በኤሲኢኤን መዝገብ አገኘነው።

በዚህ ስፍራ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወደ ኮሌጅ መግባት ወደ ነርስ ትምህርት መግባት አይደለም። ልጅቱ አስቀድማ የሰውነትን ክፍልና ሥራውን፥ የረቂቅ ተሕዋስያንን ትምህርት፥ ሒሳብንም ተምራ ጥሩ ውጤት ካገኘች በኋላ እንደ ገና ታመለክታለች። ቦታው ጥቂት አመልካቹ ብዙ ስለ ሆነ፥ «ለነርስነት እዘጋጃለሁ» የሚሉ ሁሉ አይገቡም። ይህን ሳያውቁ «ልጃችን የነርስ ተማሪ ሆነች» ብለው ለዘመድ የሚያወሩ ሰዎች በኋላ ያዝናሉ።

እናትዋ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ነገር በሰማች ጊዜ ፊትዋ ጠቈረ። «ሰው ምን ይለናል? የእነ እገሌ ልጅ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች» አለች። ታላቂቱም «እማማ፥ የእኔ ትምህርት ቤት እኮ ከሁሉ ያማረ ነበር» ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ስለ ስም የተናገረ ሰው የለም። በእርግጥም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለአውራጃው ነዋሪ ክፍያው ቀላል ነው፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት ቤትም ከግዛቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጋር ተስማምቶ፥ በሁለቱም ስፍራ ተቀባይነት ያገኘች ተማሪ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ እየተማረች ከባችለሩ ትምህርት ጥቂቱን ጐን ለጐን እንድትወስድ መንገድ አዘጋጅቶአል። ሜሪላንድም የነርስ ፈቃድ ስምምነት ካላቸው ግዛቶች አንድዋ ስለ ሆነች፥ በዚያ ስምምነት ፈቃድ ያገኘች ነርስ እንደ ቨርጂኒያና እንደ ደላዌር ባሉት አባል ግዛቶች ሌላ ፈቃድ ሳትጠይቅ ትሠራለች። ታናሺቱ ይህንኑ መንገድ መረጠች።

ከዘመዶቻችን አንዱ ግን «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በጥቂት ወር ዲፕሎማ የሚሰጡ አሉ» ብሎን ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት በፍሎሪዳ ግዛት ከነበሩ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 የሚበልጥ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማ መሸጡን ገልጦ 25 ሰዎችን መክሰሱን ያነበበ ሰው ይህን ምክር አይሰጥም። የነርስ ስሕተት የሚያርፈው በበሽተኛ ሰው ሥጋ ላይ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእህል ነው እንጂ የሰው ነፍስ ከፈሰሰ አይለቀምም።

ታናሺቱ የመጀመሪያውን ዓመት የዝግጅት ትምህርት በመልካም ውጤት ፈጽማ ወደ ነርስ ትምህርቱ ገባች። የተቀባይነትዋ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ታላቂቱ በስልክ «ለጋሼ ስጪያቸው፥ እርሳቸው ያንብቡት» አለች። እኛም መነጽራችንን አድርገን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ፊርማ አንዲት ቃል ሳናስቀር ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብንላት። ለእርስዋ ለራስዋ የሚቀበላት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢገኝም፥ ብዙውን ትምህርት እንደ ገና ከፍላ መድገም ግድ ሆኖባታል። ሌሊት እየሠራች ቀን ትማራለች፤ የጠፋባት ጊዜም ያለ እኛ ቸልታ ባልጠፋ ነበር።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። እኛም ከደረሰብን ነገር ተነሥተን፥ ከመማርም በፊት መጠየቅ ይቅደም እንላለን። ልጃችሁን ወደ ነርስ ትምህርት የምትልኩ ወላጆችና አሳዳጊዎች ሁሉ፥ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ባያችሁ ጊዜ ከማኅተሙ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር አንብቡ፤ ማን ሰጠው? ለምን ትምህርት ሰጠው? እስከ መቼ ሰጠው? ከዚያም ወደ ቤታችሁ ተመልሳችሁ ያንኑ ከሰጪው መዝገብ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።