የተሳላሚ ቋጠሮ

ሰው ረጅም መንገድ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው «ምን ይዤ ልሂድ» ብሎ ነው። «ምን ትቼ ልሂድ» ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔም ከነቀምቴ እስከ ደብረ ሊባኖስ በእግሬ ለመሄድ በተነሣሁ ጊዜ ከብዙዎቹ አንዱ ነበርሁ። ያን ጊዜ የተማርሁት ነገር ሌላውን መንገደኛ ይጠቅም ይሆናል ብዬ፥ ስሕተቴንም ሳልሸሽግ፥ እነሆ እጽፋለሁ።

የመንገዱ ምክንያት የእናቴ ስለት ነበረ። እኔ ሕፃን ሳለሁ እስከ አራት ዓመቴ ድረስ ቆሜ መሄድ አልቻልሁም። እናቴም ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖት በቁመት ጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረ በገድላቸው ሲነገር ሰምታ ነበርና፥ «ይህ ልጅ በእግሩ የሄደ እንደ ሆነ፥ እኔም ከዚህ ተነሥቼ እስከ ገዳምህ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። እኔ በአምስተኛው ዓመቴ ሄድሁ። እርሷን ግን ልጆች ማሳደግና ቤት ማስተዳደር፥ ኋላም ታማሚ ባሏን ማስታመም ያዛት፤ ዓመት ዓመትን እየተካ ስለቱ ሳይደርስ ጕልበቷ ደከመ። በመጨረሻ ለንስሐ አባታችን ገልጣ ብትጠይቃቸው፥ አቅም ያነሰው ሰው ስለቱን በልጁ እጅ ቢያደርስ ነውር እንደሌለበት ነገሯት። እርሷም ወደ እኔ ዘወር ብላ «እንግዲያማ ስለቱ የተሳለው ስለ እግርህ ነው፤ በእግርህ አድርስልኝ» አለችኝ።

ይህ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ነው። እኔ የሄድሁት ግን በ2004 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስላለፈው ጊዜ ኋላ እናገራለሁ።

የመንገድ ዝግጅት መጀመሪያው ቀን መምረጥ ነው። የጻድቁ በዓል በዓመት ውስጥ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነሐሴ 24 ቀን ዕረፍታቸው፥ ግንቦት 12 ቀንም የአጽማቸው ፍልሰት ነው። ለነሐሴው በዓል ከነቀምቴ የሚነሣ ሰው የወለጋን ክረምት በራሱ ላይ ተሸክሞ፥ ከጾመ ፍልሰታም አብዛኛውን በመንገድ ላይ ጾሞ ይሄዳል። ይህ ለብርቱ ሰው የተገባ ነው። የግንቦቱ ግን ሌላ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፥ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም፤ ስለዚህ ግንቦት 12 ቀን በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከበዓለ ኀምሳ ውጪ አይውልም። በ2004 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 7 ቀን ስለ ዋለ፥ መንገዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጾም የሌለበት ነበረ። ቅቤ የገባበት ጭኮም ስንቅ ሊሆን ቻለ።

ሁለተኛው ዝግጅት መንገዱን መክፈል ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሚያዝያ 22 ቀን ሰኞ ተነሥቼ ግንቦት 11 ቀን ቅዳሜ ብገባ ሃያ ቀን አለኝ፤ ሁለቱ እሁድ ለቅዳሴና ለዕረፍት ቢወጣ አሥራ ስምንት ቀን ይቀራል። ለአንድ ቀን የሚደርሰው 24 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም ለጤነኛ ሰው የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። በግንቦት ዝናቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ፥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ማደሪያ ፈልጎ ማረፍ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው የጠዋት ፀሐይ ዓይኑን እንደሚመታው ስላላሰብሁ፥ ባርኔጣ የገዛሁት ሲሬ ከደረስሁ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብልህ ነበርሁ። ሞኝነቴ የታየው ቋጠሮው ላይ ነው።

ሁለት ጫማ፥ ሦስት ሱሪ፥ አራት ሸሚዝ፥ ብርድ ልብስ፥ ጋቢ፥ ድንኳን፥ ትንሽ ድስት፥ ባትሪ፥ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት፥ ከዚህም በላይ ለሃያ ቀን የሚበቃ በሶና ቆሎ፥ ድርቆሽና ጭኮ አሰናዳሁ። በሰፈራችን ወፍጮ ቤት በእህል ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 21 ኪሎ ሆነ። እኔ ራሴ የምመዝነው 62 ኪሎ ነበር።

በጎረቤታችን ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የቀረበ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ቡና በበቅሎ ጭነው ከነቀምቴ አዲስ አበባ የተመላለሱ፥ የሲራራ ነጋዴ ልጅ ናቸው። እናቴ ለምርቃት ጠርታቸው መጡና ቋጠሮዬን አዩ።

«ልጄ፥ በቅሎዋ የት አለች?» አሉኝ።

«በቅሎ የለኝም፥ አባባ፤ እኔው ነኝ የምሸከመው» አልሁ።

«ይህ ሁሉ እህል የስንት ቀን ነው?»

«የሃያ ቀን።»

«እንዴት፥ በመንገዱ ሰው አለቀ? ሲሬ ሰው አለ፤ ባኮ ሰው አለ፤ ጌዶ ሰው አለ፤ ጉደርና አምቦ ሰው አለ፤ ጊንጪና አዲስ ዓለም ሰው አለ። እኛ እንኳ ከተማው ሳይበዛ፥ ለሰው የምንይዘው ስንቅ ከአራት ቀን አይበልጥም ነበር። የሚጫነው ቡናው እንጂ ስንቁ አይደለም።»

ይህን ብለው ተቀምጠው ቋጠሮውን ፈቱት። ድንኳኑን፥ ድስቱን፥ መጻሕፍቱን፥ ብርድ ልብሱን አወጡ። ከልብሱ አንድ ቅያሪና ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ነጭ ነጠላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቀረ። ጋቢውን «የባኮ ሙቀት እንዳያታልልህ፥ እንጦጦን ስትወጣ ትፈልገዋለህ» ብለው መለሱት። አዲሱን ጫማ ጥለው፥ አንድ ዓመት የተጫማሁትን አሮጌውን አስያዙኝ። የአራት ቀን በሶና ጭኮ፥ ጥቂት ቆሎ፥ ጨው፥ መርፌና ክር፥ ለእግር የሚሆን ቅባት፥ ጃንጥላ፥ የውኃ ኮዳ፥ መቋሚያ። ገንዘቡንም በአንድ ኪስ እንዳላኖር ከሦስት ከፈሉት። ሲመዘን ከነውኃው 8 ኪሎ አልሞላም።

ኋላ እንዳነበብሁት፥ በኢስፓኝ አገር ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር ከፈረንሳይ ጠረፍ ተነሥተው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር የሚሄዱ ተሳላሚዎችም፥ ሸክም ከሰውነት ክብደት ከአሥር አንድ እንዳይበልጥ ይመካከራሉ። የነቀምቴው የሲራራ ልጅ ያንን ሳያነቡ ወደዚያው ደርሰው ነበር።

ነገር ግን ሽማግሌው ገና አልጨረሱም ነበር። ቋጠሮውን ቋጥረው ሲያበቁ ቀና ብለው «የመመለሻው ዕቃ የታለ?» አሉኝ።

«ምን መመለሻ?» አልሁ።

«እናትህ ከገዳሙ ምን አምጣልኝ አለችህ?»

«ጠበልና እምነት።»

«በምን ልታመጣው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። 21 ኪሎ ጓዝ ሳሰናዳ፥ የመንገዱ ዋና ጉዳይ የሚመጣበትን ዕቃ ረስቻለሁ። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሄደው፥ አባታቸው ይይዙት የነበረ በቆዳ የተለበጠ ትንሽ ቅል አመጡና «ይህን ባዶውን ይዘህ ሂድ፤ ወደ በረከት የሚሄድ ሰው ባዶ ዕቃ ይፈልጋል» አሉኝ።

ጌታችን ሐዋርያትን ሁለት ሁለት አድርጎ በላካቸው ጊዜ፥ ከበትር በቀር እንጀራም ከረጢትም ገንዘብም ለመንገድ እንዳይዙ እንዳዘዛቸው ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፏል። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼው ነበር። የገባኝ ግን ያን ዕለት፥ ከቋጠሮዬ የወጣው ዕቃ በእናቴ ምድጃ ዙሪያ ተከምሮ ባየሁት ጊዜ ነው።

አሁን አዘገየዋለሁ ያልሁትን ልናገር። በ2003 ዓ.ም. መሄድ እችል ነበር። ዕረፍትም ተሰጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ጫማ አልደረሰም፤ ድንኳን አላገኘሁም፤ ዝናቡም ቀድሞ ገባ። «ዝግጅቴ ስላላለቀ ለከርሞ ይሁን» አልኋት። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ያን ዓመት እርሷ በምርኩዝ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትሄድ ነበርና፥ እስከዚያ ልትሸኘኝ አስባ ነጠላዋን አጥባ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ስነሣ ግን ከአልጋዋ ሆና ነው የመረቀችኝ። ያ ያዘገየኝ ጫማ ደግሞ ሽማግሌው ከቋጠሮዬ አውጥተው የጣሉት ነው። ስለዚህ ዝግጅት መልካም ነገር ሳለ የስንፍና መሸሸጊያም እንደሚሆን እኔ ምስክር ነኝ።

የመንገዱን ነገር በአጭሩ አልፈዋለሁ። ባኮ ሳልደርስ እግሬ ውኃ ቋጠረ፤ በንጹሕ መርፌ በስቼ፥ ማታ ማታ በጨው ውኃ እየዘፈዘፍሁ፥ ጠዋት ቅባት እየቀባሁ ሄድሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ከሦስት ቀን በኋላ ቁስሉ ጠነከረ። የመጀመሪያውን እሁድ ጌዶ አረፍሁ፤ የልደታ ዕለት አምቦ ገባሁ፤ ሁለተኛውን እሁድ ሆለታ አስቀደስሁ። ከአዲስ አበባም እንጦጦን ወጥቼ በሱሉልታ፥ በጫንጮና በሙከጡሪ አለፍሁ። ማታ ማታ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ያልሁበት ቤት ሁሉ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ተቀበለኝ እንጂ፥ አንድም ሌሊት ድንኳን አላማረኝም።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግረኝ በመንገድ ላይ አገኘሁ። በባቢች አጠገብ ያሳደሩኝ እናት እግሬን ሲያጥቡ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። በነገርኋቸው ጊዜ ተነሥተው ከሣጥናቸው አንዲት ጧፍና የተጣጠፈ ብር አምጥተው «የእኔንም አድርስልኝ፤ የታመመውን ልጄን በክርስትና ስሙ አስጠራልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየማደሪያው እንዲሁ ሆነ። ጭኮው ባለቀበት ቦታ ጧፍ ገባ፤ በሶው በነበረበት ከረጢት የሰው ስለት ሞላበት። በደብተሬ ላይ የጻፍሁት የክርስትና ስም ደብረ ሊባኖስ ስደርስ 43 ሆኖ ነበር። 21 ኪሎዬን ተሸክሜ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ የት አኖረው ነበር?

ጻድቁ በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት፥ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው ገዳም፥ በገደል ሥር እንደ ተሸሸገ ሆኖ ይታያል። ግንቦት 12 ቀን እሁድ በዚያ ሕዝብ መካከል ቆሜ ስቀድስ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። በ1929 ዓ.ም. ለዚሁ በዓል ስንቃቸውን ቋጥረው የመጡ ተሳላሚዎች ነበሩ። በማግስቱ ግንቦት 13 ቀን በግራዚያኒ ትእዛዝ የፋሺስት ጦር የገዳሙን መነኮሳትና ከምእመናኑም ብዙዎችን በጭነት መኪና ወስዶ ረሸናቸው። የእነዚያ ሰዎች ቋጠሮ ሳይፈታ ቀረ፤ ጠበል የሚጠብቁ እናቶቻቸውም ደጅ ደጁን ሲያዩ ቀሩ። ቅሌን ከጠበሉ ስሞላ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእኔ መመለስ ስለ ተፈቀደልኝ አመሰገንሁ።

የተመለስሁት በአውቶቡስ ነው። የሃያ ቀኑን መንገድ በሁለት ቀን ተመለስሁበት። እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ጠበሉን ጠጣች፥ እምነቱንም ግንባሯን ተቀባች። ስለ ገዳሙ ትጠይቀኛለች ብዬ ብዙ ወሬ አሰናድቼ ነበር። እርሷ ግን «እግርህን አሳየኝ» አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ ባሳያት፥ የጠነከረውን ቁስል በጣቷ እየዳሰሰች ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ሄደ» አለች። በአምስት ዓመቴ መጀመሪያ የቆምሁ ዕለት ያለችው ቃል ይኸው እንደ ነበረ ኋላ ታላቅ እኅቴ ነገረችኝ።

በዚያው ክረምት አረፈች። አንድ ዓመት ባልዘገይ ኖሮ በምርኩዟ እስከ ደጀ ሰላሙ ትሸኘኝ ነበር። አንድ ዓመት ብጨምር ደግሞ ጠበሉን የምትጠጣ እናት አላገኝም ነበር።

ባለፉት ዓመታት በወለጋ ምድር ሰላም በመታወኩ፥ በእግር ቀርቶ በመኪናም መሄድ የሚያሰጋበት ወራት ብዙ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ ከነቀምቴም፥ ከጊምቢም፥ ከደምቢ ዶሎም ቢሆን ለመነሣት የሚያስብ ሰው፥ ከስንቁ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ከሚያውቁ ይጠይቅ፤ ብቻውንም አይሂድ። አደገኛ ሆኖ ሲያገኘው መዘግየቱ ጥበብ ነው እንጂ እንደ እኔ ስንፍና አይደለም።

መንገዱ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ጫማ እስኪመጣ አትጠብቅ። አሮጌውን ተጫማ፤ የአራት ቀን ስንቅ ያዝ፤ ጋቢህን አትርሳ። ከሁሉም በፊት የምትመልስበትን ባዶ ዕቃ አሰናዳ። የእኔ ቅል ዛሬም በቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሽማግሌው ለመቀበል እንቢ ስላሉ ለሚቀጥለው ተሳላሚ አኑሬዋለሁ።