ካርዱን ከመንቀልሽ በፊት

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ዝናቡ አልተወንም፤ ጉና ከሰኔ ጀምሮ ከደመና ብቅ አላለም። ቡሄን ከእኛ ጋር ውለሽ ከተመለስሽ በኋላ፣ የባሕር ዳሩን ሥልጠና ጨርሰሽ መስከረም ላይ ነፋስ መውጫ ሥራ እንደምትገቢ እናትሽ ነገረችኝ። ለእኔ ሳትነግሪኝ ለእሷ መንገርሽን ታዝቤያለሁ። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። በስልክ ልመክርሽ ጀምሬ ነበር፤ "እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ" እያልሽ ስታሳጥሪብኝ ጊዜ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል መድፍ አልጽፍልሽም። በምረቃሽ ቀን ተናጋሪው ሁሉ ያንኑ ሲያነሣ ውሎ ጠግበሽዋል። የምጽፍልሽ ስለምትረከቢው ማሽን ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የለመድሽው ትንሹ የኔትወርክ ስዊች አይደለም። ባለ ብዙ ስሎት ቻሲ ነው። የሚያስበው ሱፐርቫይዘሩ ነው፤ ገመዶቹን የሚይዙት ላይን ካርዶች ናቸው፤ ሁሉንም ከኋላ የሚያገናኘው ባክፕሌኑ ነው። ፓወር ሰፕላዩም ፋኑም ለየብቻቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሳይቆም እንዲለወጥ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብልህ አሠራር ነው። ጣጣው፣ የሚነቀል ነገር ያየ እጅ አርፎ አለመቀመጡ ነው። "የሁለተኛው ፎቅ ኔትወርክ ጠፋ" ሲባል ሰው ሮጦ ካርዱን ይመዝዛል፣ መልሶ ይከታል። አንዳንዴ ይነሣል፤ ያን ቀን ሰውየው ሊቅ ይባላል። ለምን እንደወደቀ ግን የሚያውቅ ስለሌለ በወሩ ተመልሶ ይወድቃል።

ከስልክ ማዞሪያ ጀምሬ እስከ ስዊች ድረስ በካርድ ሳጥን ፊት ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፤ ካርድ የሚከሰሰውን ያህል አይሞትም። መብራቱን፣ አየሩን፣ የተቀመጠበትን ስሎትና ሶፍትዌሩን ሳትመረምሪ በካርዱ አትፍረጂ።

ከእጅሽ በፊት ኮንሶሉ ይቅደም። ሾው ሞጁል በዪና እያንዳንዱ ካርድ ስለ ራሱ ምን እንደሚል አንብቢ። "ኦኬ" የሚልና መብራቱ አረንጓዴ የሆነ ካርድ ላይ አንድ ወደብ ብቻ ካልሠራ ነገሩ ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ፋይበር ወይም የደከመ ኤስኤፍፒ ነው፤ ጠርጊው፣ ቀይሪው፣ እለፊ። "ማይነር ኤረር" ካለሽ ሾው ዳያግኖስቲክ ሪዘልት ብለሽ የትኛው ፈተና እንደወደቀ እዪ። "አንኖውን" ካለሽ ደግሞ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ የስዊቹ ሶፍትዌር አርጅቶበት፣ አላውቀውም ብሎት ሊሆን ይችላል። አዲስ ካርድ በአሮጌ ሶፍትዌር ላይ ሰክተው "ከፋብሪካው ተበላሽቶ መጣ" የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከዚያ ሎጉ አለ። ሎጉን ላፕቶፕሽ ላይ ሳትገለብጪ ምንም አትንኪ፤ በስዊቹ ሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠው ሎግ ስዊቹ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና። ሰዓቱንም አስተካክዪ። የእኛ አገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው በራሱ መንገድ ነው። ጥበቃው "መብራት የሄደው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው" ሲልሽ ሎጉ ላይ የምትፈልጊው 02:00 ነው። ስዊቹ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ከሆነ ደግሞ የፊተኛው ቀን 23:00 ነው። ይህን ባለማስላት የጥበቃው ቃልና ሎጉ አልገጥም ብሎ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው ነበር።

ስለ መብራት ከጻፍኩ አይቀር ጥቂት ልቆይበት፤ በእኛ አገር የካርድ ችግር እኩሌታው ከዚያ ነው የሚመጣ ብል ብዙ አልሳሳትም። ቻሲው ሁለት ፓወር ሰፕላይ ይኖረዋል። ሁለቱ በመጠባበቂያነት ከተዋቀሩ አንዱ ቢሞት ሌላው ለብቻው ይሸከማል። ኃይላቸው ተደምሮ እንዲሠራ ከተዋቀሩ ግን፣ አንዱ ሲወድቅ የቀረው ለሁሉም አይበቃም፤ ስዊቹም አንዳንድ ካርዶችን ራሱ ያጠፋል። ያኔ ሾው ሞጁል ላይ "ፓወር ዳውን" የሚል ታያለሽ። ካርዱ አልሞተም፤ የሚበላው አጥቶ ነው የተኛ። ሾው ፓወር ብለሽ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ይህችን ደቂቃ ነፍጎ ጤነኛ ካርድ ጠቅልሎ አዲስ አበባ የሚልክ አለ። ስትረከቢ ሁለቱ ፓወር ሰፕላዮች የተሰኩበትን ገመድ በእጅሽ እየዳሰስሽ እስከ መጨረሻው ተከተዪ። ሁለቱም በአንድ ማከፋፈያ አንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩ ሁለት ሆነው የሚጠቅሙት ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ሲሞት ብቻ ነው፤ ዩፒኤሱ ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ። ኧርዙንም አስለኪ። በክረምት የነፋስ መውጫ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ሌላው አየሩ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ደብረ ታቦር 2700 ገደማ ነን፤ ወረታ ስትወርጂ ግን 1800 ብቻ ነው። ብዙ አምራቾች መሣሪያቸው በስንት ከፍታ እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ይጽፋሉ፤ 2000 ወይም 3000 ሜትር የሚል ታገኛለሽ። በ3000 ሜትር ላይ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እንደ ወትሮው ይሽከረከራል፣ ድምፁም ያው ነው፤ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ከተማው ብርድ ስለሆነ ሰው ይህን አያምንም። እንዲያውም ብርዱን ፈርተው የማሽኑን ክፍል መስኮት በካርቶን የሚደፍኑ፣ ራኩ ላይም ዶሴ የሚቆልሉ አሉ። ሾው ኢንቫይሮንመንት ብለሽ የየካርዱን ሙቀት በየሳምንቱ መዝግቢ። ጤነኛ በሆነበት ጊዜ ስንት እንደነበረ ካላወቅሽ ሲታመም የምታነጻጽሪበት የለሽም። የፋን ትሬው ሲሞትም ካርዶች በሙቀት ምክንያት ተራ በተራ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሦስት ካርድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከወደቀ ሦስቱ ተማክረው አልሞቱም።

ከፍታው የሚያመጣው ሌላም ነገር አለ፤ ስነግራቸው የሚስቁብኝ ብዙ ናቸው። ሎጉ ላይ "ፓሪቲ ኤረር" የሚል አንድ ቀን ታያለሽ፤ ካርዱ ራሱን ሪስታርት አድርጎ ይነሣል። ከህዋ የሚመጣ ጨረር ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ኒውትሮኖች ይፈጠራሉ፤ እነሱም ሜሞሪ ውስጥ ገብተው ዜሮ የነበረችውን ቢት አንድ ሊያደርጓት ይችላሉ። ከፍ ባልሽ ቁጥር ከላይሽ ያለው አየር ስለሚቀንስ ይህ ይበዛል። ወደ ምድር ወገብ መቅረባችን ጥቂት ያግዘናል፤ የምድር መግነጢስ ብዙውን ጨረር ይመልስልናልና። ይህ የሜሞሪው ጉዳት አይደለም፤ ቢቷ እንደገና ስትጻፍ ይድናል። ስለዚህ ፓሪቲ ኤረር አንዴ ብቻ ከመጣ ቀኑን መዝግቢና ተዪው። እዚያው ካርድ ላይ ደጋግሞ ከመጣ ግን ጨረሩ አይደለም፤ ካርዱ ነው። ይህን ሳይለዩ በመጀመሪያው ቀን ካርድ ማስለወጥ የሕዝብ ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን ይህን ሁሉ አይተሽ ካርዱን መንቀል ግድ ሆነ እንበል። በበጋ ከሆነ ሹራብሽን በር ላይ ተዪው፤ አየሩ ሲደርቅ ሱፍ ኤሌክትሪክ ይወልዳል። የእጅ ማሰሪያውን ከቻሲው ጋር አገናኚ። በዚህ መንገድ የተጎዳ ካርድ በዚያኑ ዕለት ላይሞት ይችላል፤ ከወራት በኋላ ይሞትና ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ካርድ ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ከገባም ወዲያው አትክተቺው፤ ላቡ እስኪደርቅ ይቀመጥ።

የሥልጠናሽ መጽሐፍ የሚያስተምረው ፈተና ጥሩ ነው፤ ካርዱን ወደ ሌላ ስሎት አዛውሪና ችግሩ ካርዱን ይከተል እንደሆነ ወይም ስሎቱ ላይ ይቀር እንደሆነ እዪ ይላል። መጽሐፉ ቸኩሎ የሚያልፈው ግን ከማዛወር በፊት ማየትን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ ላይን ካርድ አልነሣ አለ። ባለሙያው ጎበዝ ልጅ ነበር። ከስሎት 3 አውጥቶ 4 ላይ ከተተው፤ እምቢ አለ። 5 ላይ ከተተው፤ እምቢ አለ። "ችግሩ ካርዱን ተከትሎታል፣ ሞቷል" አለ፤ በመጽሐፉ መሠረት ልክ ነበር። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ አዲስ ካርድ ከአዲስ አበባ መጣ። ስሎት 3 ገባ፤ አልነሣም። 4 ገባ፤ አልነሣም። እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው። ባትሪ አምጡ አልኩና ወደ ውስጥ አበራሁ። የአሮጌው ካርድ ማገናኛ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ ነበርና፣ በገባበት ስሎት ሁሉ የባክፕሌኑን ፒን እያጠፈ ነው የወጣ። አዲሱ ካርድ ደግሞ የታጠፈ ፒን ላይ ተገፍቶ ማገናኛው ተበላሸ። በአንድ ካርድ ሊያልቅ የነበረው ወጪ ሙሉ ቻሲ ሆነ፤ ልጁም ዕቃ አበላሽ ተብሎ ስሙ ቀረ፤ ያዘንኩት ለእሱ ነው። ከቦርሳሽ ትንሽ ባትሪ አይጥፋ። ከመክተትሽ በፊት ስሎቱንም የካርዱን ማገናኛም አብርተሽ እዪ። ስትከቺም በሁለቱ መያዣዎች እኩል ግፊ፤ ከጠነከረብሽ አታስገድጂው፤ አውጪና እንደገና እዪ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ካርዱንም ስሎቱንም ሶፍትዌሩንም በአንድ ምሽት ከለወጥሽ ቢነሣ እንኳ የተማርሽው የለም።

"አጥፍቶ ማብራት" የሚባለውን መድኃኒትም ብዙ አትውደጂው። እ.ኤ.አ. በ2014 የስዊቹ አምራች ሲስኮ ራሱ ያወጣው ማስታወቂያ ነበር፤ ከ2005 እስከ 2010 አንድ አቅራቢ የሠራቸው የሜሞሪ ክፍሎች ያሉባቸው መሣሪያዎች እየሠሩ ሳሉ ደህና ሆነው፣ ጠፍተው ሲበሩ ግን ላይነሡ ይችላሉ የሚል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሌላ መጣ፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ውስጥ ያለ የሰዓት ምልክት ክፍል ከ18 ወር ገደማ አገልግሎት በኋላ መሞት ሊጀምር ይችላል፤ ከሞተም መሣሪያው አይነሣም የሚል። እንግዲህ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ አንቺው ታውቂያለሽ። ዓመታት የሠራ ካርድ መብራት ተመልሶ ሳይነሣ ቢቀር መብራቱን ብቻ አትርገሚ፤ የካርዱን መለያ ቁጥር ይዘሽ የአምራቹን ማስታወቂያዎች ፈትሺ። አሮጌ ስዊች በፈቃድሽ ከማጥፋትሽ በፊትም ኮንፊገሬሽኑ ከስዊቹ ውጭ መቀመጡን አረጋግጪ፤ መለዋወጫ በእጅሽ ይኑር።

መለዋወጫ ካልኩ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ጀምሪ። የሞተ ካርድ ምልክት ሳይለጠፍበት ከደህናው ጎን ይቀመጣል፤ በዓመቱ ሌላ ሰው "መለዋወጫ አገኘሁ" ብሎ ይከተዋል። የወደቀ ካርድ ሁሉ ላይ ቀኑን፣ ስሎቱንና ምን እንዳለ ጽፈሽ ለጥፊ። የጎደለሽን ደግሞ በጀት ሲዘጋጅ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ዕቃው ከውጭ በውጭ ምንዛሬ የሚገባ ስለሆነ ዛሬ ያልጠየቅሽው በመጪው ዓመትም ላይደርስ ይችላል።

ኃላፊዎች ከጀርባሽ ቆመው "መቼ ይመለሳል?" ይሉሻል። ቁርጥ ሰዓት አትስጪ፤ "አሁን መብራቱን እያየሁ ነው፣ ቀጥሎ ካርዱን አያለሁ" በያቸው። የምታደርጊውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ይታገሣል። በር ላይ ያለው ሰው ደግሞ አንቺን አይቶ "ቴክኒሺያኑ የታለ?" ማለቱ አይቀርም። አትቆጪው፤ ቁልፉን ተቀበዪና ግቢ፤ በሁለተኛው ጊዜ አይጠይቅሽም።

ሲቸግርሽ ደውዪልኝ። "አልሠራ አለኝ" ካልሽ ግን ምንም ልመልስልሽ አልችልም፤ የሾው ሞጁሉንና የሎጉን ፎቶ አስቀድመሽ ላኪ። የቤት ኪራዩን ነገር ከአጎትሽ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ወፍራም ብርድ ልብስ እናትሽ በአውቶቡስ ትልክልሻለች፤ የመናኸሪያውን ሰው ስልክ ማታ እነግርሻለሁ።

አባትሽ