አንዲት ደብዳቤ፣ ሦስት ዙር ቡና

እኛ ዘንድ ደስታ ድንኳን ይፈልጋል። ሰርግ ወይም ምረቃ ሲሆን ዳስ ይጣላል፣ ዘመድ ከሩቅ ይጠራል፣ በግ ይታረዳል። ትንሿ ደስታ ግን «ዓይን ይበላታል» ተብላ መቀነት ውስጥ ትቋጠራለች። እኔም የራሴን ብዙዎቹን እንዲሁ ቋጥሬ አስቀርቻለሁ። ያለ ድንኳን፣ ያለ ጥሪ ሲከበር ያየሁት አንድ ድል የእናቴ ነው፤ እርሱንም ላጠፋው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ዘመኑ 1972 ዓ.ም.፣ ቦታው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። እናቴ መንደሪንና ብርቱካን ትቸረችራለች። ሂሳብ የሚያታልላት ሰው አልነበረም፤ ፊደል ግን አታውቅም። አንድ ወንድሟ፣ ጦርነቱ ከከተማችን ደጃፍ ከደረሰበት ከነሐሴ 1969 ዓ.ም. በኋላ፣ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ወደ ጅቡቲ እንደ ተሻገረ ከመስማቷ በቀር መኖር አለመኖሩን አታውቅም ነበር። የሰፈሩን ደብዳቤ የሚያነቡልን አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ «እትዬ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አናውቅላቸውም። የማን ልጅ እንደ ታመመ፣ ማን ገንዘብ እንደ ላከ፣ ማን ሌላ ትዳር እንደ ያዘ ከባለቤቱ ቀድመው የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። አንድም ቀን ግን ከአፋቸው ወሬ አልወጣም።

ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተስፋፋ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነው። ይህ ሁሉ እኛ ቤት የገባው በአንድ ስስ መጽሐፍና በአንድ እርሳስ ነበር። እናቴ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ የቀረውን መንደሪን እርጥብ ጆንያ አልብሳ፣ ወደ ማታ ትምህርቷ ትሄዳለች።

እኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ምሽት ከጓደኞቼ ጋር በር ላይ ተቀምጠን ሳለ እናቴ ጮክ ብላ ስታነብ ሰማናት። «ድ… ቡ… ቲ» አለች። ጅ ማለት ባርኔጣ የደፋ ድ አይደለችም? ባርኔጣዋን አላየችላትም። ሳቅሁ። ብቻዬን ብስቅ ምን ነበረበት፤ ጓደኞቼንም አሳቅኋቸው። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ «ድቡቲ! ድቡቲ!» የሚል ጨዋታ ተፈጠረ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። መጽሐፉን ከሣጥኑ ሥር ከተተችውና ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረች። ምነው በመታችኝ ኖሮ!

እትዬ ይህን ሰሙ። ምክርም ተግሣጽም አላመጡም፤ አንድ ምሽት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «አንቺ፣ ተነሺ እንጂ! እኔም ልማር ነው» አሏት። የሰፈር ደብዳቤ አንባቢዋ እትዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀ ሁ ከሚቆጥሩ ሴቶች መካከል የኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጡ፣ ዝም ብለው እየሰሙ፣ ፋኖስ ይዘው እናቴን እያመጡ ወሩን ጨረሱ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ የበለጠ ትሕትና አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤው የመጣው። አንድ መንገደኛ ከባቡር ወርዶ እቤታችን አደረሰው። እናቴ እንደ ልማዱ ይዛው ወደ እትዬ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኋት። እትዬ ፖስታውን ገልበጥ አድርገው አዩና መለሱላት።

«መነጽሬ ተሰብሯል። አንቺው አንብቢው።»

መነጽራቸው መቀነታቸው ውስጥ ነበር፤ ጫፉ ይታየኛል።

ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አማርኛ አጥርቶ የሚሰማውም፣ የማይሰማውም። አንዲት ሶማሌ ጎረቤታችን በወተት የተፈላ ሆጃ ይዘው መጡ። እናቴ አቦል ላይ ማንበብ ጀመረች። ቶና ላይ ገና ሰላምታው አላለቀም፤ የዚያ ዘመን ደብዳቤ ሰላምታው ረጅም መሆኑን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በተደናቀፈች ቁጥር እትዬ «ቀጥዪ» ይሏታል፤ ሌላ ቃል የለም። በረካው ሲቀዳ ከአንድ ቃል ደርሳ ቆመች። እኔ ገና ከመቆሟ አወቅሁት። ትንፋሼን ዋጥሁ። ጣቷ ከፊደሉ አናት ላይ፣ ባርኔጣዋ ላይ፣ ጥቂት ቆየ።

«ጅ… ቡ… ቲ።»

እልልታውን ያቀለጡት እትዬ ናቸው። ሶማሌዋ ጎረቤታችን «ማሻ አላህ!» እያሉ እናቴን ግንባሯ ላይ ሳሟት። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አጭር ነበር፦ በሕይወት አለሁ፣ ወደብ ላይ እሠራለሁ፣ መንደሪኑ ናፍቆኛል። እናቴ ይህን በሌላ ሰው አፍ ሳይሆን በራሷ አፍ ለራሷ ነገረች። እኔ ማጨብጨብ አልቻልሁም፤ መብቱ ያለኝ አልመሰለኝም። እናቴ ፈንዲሻውን ስታዞር ግን የመጀመሪያውን እፍኝ ለእኔ ሰጠችኝ።

የማታ ትምህርቱን ምስክር ወረቀት በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ ወሰደው። ያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷልና ስለ ወረቀት ማዘን ነውር ሆኖብን ዝም አልን።

እትዬ በስተርጅና ዓይናቸው ሞራ ጋረደው። ከውጭ አገር የልጃቸው ደብዳቤ ሲመጣ ወደ እኛ ቤት ይመጡ ነበር፤ እናቴም ቡና አቅርባ ታነብላቸዋለች፤ ያው እንደ ድሮዋ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ። አንዳንዴ ትሳሳታለች። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው «ቀጥዪ» ይሏታል።