የትኛው ጋጋኖ ነው?

በጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ያደረ እንግዳ ከአውራ ዶሮው እኩል የሚቀሰቅሰው ጋጋኖ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ በቤቶቹ ጣሪያ ላይ እየተንጫጫ ያልፋል፣ ረግረግና ሣር ወዳለበት ይወርዳል። ቡናው እስኪፈላ ልጆች ስልክ ይዘው ይወጣሉ፣ ያነሳሉ። ክርክሩ የሚጀመረው ፎቶው ሲታይ ነው፤ ጋጋኖ የምንለው አንድ ወፍ አይደለምና።

ነጩን ማንም አይስተውም። ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ራቁት፣ ገላው ነጭ ነው። የጥንት ግብፃውያን ያመልኩትና አስከሬኑን አድርቀው ይቀብሩት የነበረው ይኸው ነው። ችግሩ ያለው ጥቁር ቡናማዎቹ ላይ ነው። ሁለቱም ወፍራም ናቸው፣ ሁለቱም ረጅም ቆልማማ ምንቃር አላቸው፣ መጠናቸውም ስለሚቀራረብ በፎቶ ላይ ቁመት መለካት አይረዳም።

አንደኛው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የለም። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ በ1837 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። ሁለተኛው ሀዳዳ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከጩኸቱ ሲሆን ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ አገሮች፣ በናይሮቢና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች ግቢ ሳይቀር የሚታይ ነው። የእኛው ደጋ ይወዳል፣ ሀዳዳ ዝቅ ያለውን። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሁለቱንም ልታስተናግድ ትችላለች። ስለዚህ «እዚህ ያለው ይኼ ብቻ ነው» ብሎ መገላገል አይቻልም፣ ፎቶውን ማየት የግድ ነው።

መጀመሪያ ትከሻውን ይዩ። የእኛው ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ምልክት አለው፤ ሲበር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሲቀመጥም በታጠፈው ክንፍ ጠርዝ እንደ ነጭ ሰበዝ ይቀራል። ሀዳዳ ይህ የለውም። እሱ ነጩን የያዘው ፊቱ ላይ ነው፦ ከምንቃሩ ሥር ተነስቶ ከዓይኑ በታች የሚያልፍ መስመር፣ ልክ እንደ ጢም። ከጉሮሮ ሥር እንደ ዶሮ የተንጠለጠለች ቀጭን ቆዳና ማጅራት ላይ የቆመ ላባ ካዩ ግን የእኛው ነው። ጫጩቱ አድጎ እስኪጎለምስ ድረስ ቆዳዋም ላባውም ስለማይኖሩት «ቆዳ የለውም፣ ስለዚህ ሀዳዳ ነው» ማለት አይሠራም። ፍርዱ ወደ ክንፉ ይመለሳል።

ቀጭን፣ አነስ ያለ፣ ሲበር እግሩ ከጅራቱ አልፎ የሚወጣ ካጋጠመዎት ሦስተኛ ዘመድ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚመላለሰው አንጸባራቂው ጋጋኖ።

ፎቶ ይዋሻል፣ በተለይ የጠዋቱ። ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ስትሆን አረንጓዴው ጸዳል ይጠፋና ሁሉም ጥላሸት ይመስላል። እርጥብ ላባ ላይ ያረፈ ብርሃን ደግሞ ነጭ ትከሻ መስሎ ያታልላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው አንዱን ከጎን፣ ሌላውን ሲነሳ በተከታታይ ማንሳት። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ መተግበሪያ «ሜርሊን» ከፎቶ ስም ይገምታል፤ ልጆች ይወዱታል። ግምቱን ግን ትከሻና ፊት ላይ ሳያረጋግጡ አይመዝግቡ። አንዱ ወፍ አፍሪካን የሞላ፣ ሌላው የእኛ ብቻ በሆነበት የስም ስህተት ቀላል ነገር አይደለም። በጅማ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች ለጡብ አፈር እየተቆፈሩ፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለባቸው፣ ለእርሻ እየተጠነፈፉ ነው። ቀንና ቦታ ያለው ትክክለኛ ፎቶ ወፉ እዚያ እንደነበር ይመሰክራል። ትከሻውም ፊቱም ካልታየ «ጋጋኖ» ብቻ ብሎ መተው ይሻላል።

ብዙ ዓይነት በአንድ ላይ ለማየት ከከተማዋ ዳር ወዳለው የቦዬ ረግረግ ይሂዱ። ሳቢሳውም፣ ነጩ ጋጋኖም፣ ዕድለኛ ከሆኑ ዘውዳማው ጥቁር ቁራኝም ይገኛሉ። ቦዬ የጉማሬ ቤትም ነው። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ ጠዋት ይምረጡ፣ ልጆቹንም ከውኃው ዳር ራቅ ያድርጉ።