ጎመኑን ማን ቆረጠው?

ቶናው ደርሷል፤ ሲኒዎን ያቀብሉኝ። እኛ በአንድ ሲኒ የሚነሣ እንግዳ አንወድም።

እስኪ ልጠይቅዎ። ትናንት የተከሉት የጎመን ችግኝ ጠዋት ከሥሩ ተቀንጥሶ ተጋድሞ ቢያገኙት ማንን ይጠረጥራሉ? የጎረቤት ፍየል? ፍየልማ ቅጠሉን ትጨርስ ነበር እንጂ አጋድማው አትሄድም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እንጨት ያንሡና ከተቆረጠው ግንድ አጠገብ አፈሩን ጫር ጫር ያድርጉት። ጥቅልል ብሎ የተኛ አመድማ ወፍራም ትል ያገኛሉ። ቆራጭ ትል እሱ ነው። ቀን ከአፈር ሥር ያንቀላፋል፤ ማታ ወጥቶ ግንዱን ይቆርጣል። እኔን የሚያናድደኝ መብላቱ አይደለም፤ ለአንድ ጉርሻ ማዕዱን ሁሉ እንደሚደፋ እንግዳ መሆኑ ነው። (እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙ ይቆየን።) ክረምቱ ሲወጣ በዋልካው ላይ በቀረው እርጥበት የምንዘራውን ሽምብራም ገና በቡቃያው ይጎበኘዋል። በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በቆሎውን ያመሰው የአሜሪካ መጤ ተምችም ዘመዱ ነው።

የቆራጭ ትሉ እናትስ? እናቱንማ ያውቋታል፤ ማታ አምፖሉን ስትዞር በነጠላዎ ጫፍ የሚያባርሯት ቡናማ የእሳት እራት ናት። ሰብል አትነካም፤ ምግቧ የአበባ ወለላ ነው። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አንዷ ብቻዋን ከሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ አረም የወረሰው ማሳ ደግሞ ይስባታል። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት አርሞ፣ ደጋግሞ ሲያርስ፣ አፈር ውስጥ ያለው ትል ለፀሐይ ይወጣል፤ በሬውን የሚከተሉት ነጫጭ ወፎችም የድርሻቸውን ይለቅማሉ።

አምፖሉን የምትዞረው ለምን ይመስልዎታል? ፍቅር አይደለም። በራሪ ነፍሳት ሌሊት ሰማዩ ከምድር ስለሚፈካ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን አድርገው ነው ሚዛን የሚጠብቁት። አምፖል ሲያገኙ ጀርባቸውን ለእሱ ይሰጡና መውጫው ይጠፋቸዋል።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ቦጎንግ የምትባል እህት አለቻት። ልጇ እዚያም ችግኝ ቆራጭ ነው፤ እሷ ግን የበጋውን ሙቀት ሸሽታ እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ትበርና ተራራ ላይ ከዓለት ስንጥቅ ትከርማለች። ነባሮቹ ሕዝቦች እዚያው ሰብስበው፣ በትኩስ አመድ አብስለው ይበሏት ነበር፤ ቅባቷ ብዙ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ብትመጣ ኖሮ የጾም ናት የፍስክ ስንከራከር አምልጣን ትሄድ ነበር።