ሰማያዊ ገጽ ያላቸው ሰዓቶች

የእጅ ሰዓት የሚወዱ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር አይወዱም። አንዱ ወርቁን ይወዳል፤ ሌላው የሠሪውን ስም ይወዳል፤ ሌላው ደግሞ በውስጡ ያለውን የመዘውር ጥበብ ይመረምራል። ጥቂቶች ግን ገጹ ሰማያዊ የሆነውን ብቻ ይፈልጋሉ። እነዚህን ሌሎቹ ሰብሳቢዎች እንደ ሞኝ ይቈጥሯቸዋል፤ ቀለም ሰዓት አይቈጥርምና።

በኢየሩሳሌም ካሉት ገዳሞቻችን በአንዱ የሚማር አንድ ዲያቆን ከነዚህ ከጥቂቶቹ ወገን ሆነ። እርሱ ባደገበት በቅኔ ቤት ሰዓት የሚታወቀው በጥላ ነበር፤ ተማሪው በፀሐይ ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ በጫማው ይለካና በጾም ቀን ተሰዓት መድረሱን ይናገራል። ስለዚህ የእጅ ሰዓት አምሮት አልነበረበትም። አክስቱ ግን በአማን ከተማ በሰው ቤት እየሠራች ካጠራቀመችው ደመወዝ አንድ ሴይኮ አምስት ገዛች፤ ለትንሣኤ ልትሳለም በመጣች ጊዜም በእጁ ላይ አሰረችለት። የሣምንቱ ቀን በዓረብኛ ፊደል ይነበብበታል፤ ገጹም ሰማያዊ ነው። ይህ ዓይነት ሰዓት በጃፓን አገር መሠራት የጀመረው በ1963 ነው (እዚህ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው)። ባትሪ የለውም፤ ለባሹ ክንዱን ባንቀሳቀሰ ቍጥር ሞላው ይጠመጠማል።

ዲያቆኑ በመጀመሪያው ሣምንት ሰዓቱን የተመለከተው ጊዜን ለማወቅ አልነበረም። በበዓቱ ጥላ ውስጥ ገጹ ጥቁር ይመስላል፤ ወደ ደጅ ሲያወጣው ግን ከመካከሉ ወደ ዳር የሚፈነጥቅ ብርሃን ይታይበታል፤ እጁን ባዘነበለ ቍጥርም ያ ብርሃን እንደ መዘውር ይዞራል። ምክንያቱን ሲጠይቅ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ አስረዳው። ከቀለሙ በታች ያለው የናስ ዝርግ ከመካከሉ ወደ ዳር በቀጫጭን ጭረት ይፋቃል፤ በላዩም ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ይቀባል። ስለዚህ ዓይን የሚያየው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን በቀለሙ ውስጥ አልፎ የተመለሰውን ብርሃን ነው። የቀድሞ ሠሪዎች ደግሞ የመስታወት ዱቄትን ከኮባልት ጋር ቀላቅለው በብረት ላይ በስምንት መቶ ዲግሪ ገደማ ያቀልጡት ነበር፤ ያ ሰማያዊ መቶ ዓመት ቢያልፈውም አይለቅም። በአንዳንድ ሰዓት ላይ የሚታዩት ሰማያዊ ጠቋሚዎችስ ቀለም እንኳ የላቸውም። የተወለወለ ዐረብ ብረት ሲግል መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ይሆናል፤ ወደ ሦስት መቶ ዲግሪ ሲጠጋም ሰማያዊ ይሆናል። ሠሪው ጥቂት ቢዘገይ ያ ሰማያዊ ያልፍና ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ዲያቆኑ ይህን በሰማበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም ይባላል።

ታላላቆቹን በሥዕል ብቻ ያውቃቸው ነበር፤ በ1969 የወጣውንና የፈረንሳይ ባሕር ኀይል ጠላቂዎች ያሰሩትን የቱዶር ሰዓት፣ በ1972 የወጣውን የኦዴማር ፒጌን ሮያል ኦክ፣ በ1976 የወጣውን የፓቴክ ፊሊፕን ናውቲለስ። ሮያል ኦክ አካሉ ብረት ሲሆን በወርቅ ዋጋ የተሸጠ ነው፤ ይህም ፈረንጆቹን ራሳቸውን አስደንቋል።

እርሱ የሰበሰበው ግን ከደማስቆ በር አጠገብ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውንና ተሳላሚዎች ተበላሽቷል ብለው የተዉትን ነው። ከመካከላቸው ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ስደተኞች ይዘውት የመጡ አንድ ቮስቶክ ነበር። አንዱን ደግሞ ፀሐይ በልቶት ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ ተለውጧል፤ ዲያቆኑ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ይህን ነበር፤ በእውነትም ያማረ ነው። በሦስተኛው ዓመት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሰባት ሰዓቶች ሆኑ።

ባልንጀሮቹ ሲነቅፉት ከኦሪት ይጠቅስላቸዋል፤ እስራኤል በልብሳቸው ጫፍ ሰማያዊ ፈትል እንዲያደርጉ ታዘው የለምን ይላል። እነርሱም፣ «ፈትሉ አንድ ነው፤ ያንተ ሰባት ነው» ብለው ይመልሱለታል።

ምንኵስናው ሲቃረብ የኔታ ወደ በዓቱ ገቡ። ቆርቆሮውን ከፍተው አንድ በአንድ አዩ። አልተቈጡም።

«ለማኅሌት የሚቀሰቅስህ የትኛው ነው?» አሉት።

«ደወሉ ነው፣ የኔታ።»

በእጁ ካሰረው በቀር ስድስቱ ቆመዋል፤ ስድስቱም የተለያየ ሰዓት ያሳያሉ። እንዲህ ያለ ሰዓት ካልታሰረ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላው ይቆማልና። የኔታ ክዳኑን መልሰው ገጥመው ወጡ።

ስድስቱን ለመስጠት አልተቸገረም። ወይን ጠጅ የመሰለውን ሲሰጥ ብቻ ተቀባዩን ከፀሐይ እንዲያርቀው ለመነው፤ ይህም ከመስጠት ይልቅ ማበደር ይመስላል። የአክስቱን ግን አስቀረው። በዐቢይ ጾም ደወል የሚደውሉት አረጋዊ አባት ሰዓት ተሰበረባቸውና ሁለት ሌሊት አሳለፉ። የዲያቆኑ ሰዓት በጨለማ ጠቋሚዎቹ ያበራሉ፤ ይህን እርሱም ያውቃል፣ ባልንጀሮቹም ያውቃሉ። ማንም ግን አልጠየቀውም። አንድ ሱባዔ ዝም አለ። በስምንተኛው ቀን ፈትቶ በአረጋዊው እጅ ላይ አሰረው፤ ማሰሪያው ለቀጭኑ ክንዳቸው ሰፍቶ ነበርና ሁለት ዘለላ አወጣለት።

ለትንሣኤ አክስቱ መጣች። መስቀል ከመሳለሟ በፊት ያየችው እጁን ነው።

«ሸጥከው?»

«አልሸጥኩትም።»

ሌላ ቃል ሳይናገር ወደ ደወሉ ወሰዳት። አረጋዊው ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እጃቸውን ተሳለመች፤ ከዚያም አልለቀቀችውም፤ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ወልውላ ወደ ፀሐይ አዘነበለችው። ብርሃኑ ዞረ።

«ያው ነው፤ አልተለወጠም» አለች።

አባታችን ሰዓት የጠየቀቻቸው መስሏቸው ገጹን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። «ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፣ ልጄ» አሏት።