የመርከበኛው አማና



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ጎረቤታችን ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። እስከ መጨረሻው ታነቡልኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ከእናንተ የምፈልገው ነገር አለ።

ኢማማችንን የማግዝበት መስጂድ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ከአጠገቡ አጣና የሚሸጥበት ግቢ አለ፤ ዘበኛው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከላይ፣ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው። ክርስቲያን ናቸው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ወደ ሥራ ይወርዳሉ። ሲናገሩ ይጮኻሉ። ሬዲዮናቸውም እንደሳቸው ይጮኻል። እውነቱን ልናገር፣ ለብዙ ጊዜ ቁጡ ሰው ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀንም በሶላት ሰዓት ሬዲዮ እየከፈቱ ይረብሹናል ብዬ ለአሠሪያቸው ተናግሬባቸዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የመስጂዱን ምንጣፍ ስንቀይር ክርክር ተነሣ። ወጣቶቹ ቂብላውን በስልክ ሊያረጋግጡ ፈለጉ፤ ሦስት ስልክ ሦስት አቅጣጫ አሳየ። ድምፃችን ከፍ ሲል ሽማግሌው ከበሩ ላይ ቆመው «ስልኩን ከብረቱ ምሰሶ አርቁት! ብረት ኮምፓስ ያሳብዳል!» ብለው ጮኹ። ወደ ውጭ ወጣን። ሦስቱም ስልኮች ተስማሙ። ሽማግሌው ስልኩን እንኳ ሳያዩ እጃቸውን ወደ ተራራው ዘረጉ፦ «ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ። አምስት ዲግሪ ቢሆን ነው።»

ልክ ነበሩ። «አባባ፣ የኛን ቂብላ ከየት አወቁት?» አልኳቸው።

«ባሕር ላይ ነዋ፣ ሼኪዬ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዐስር ሶላት በኋላ አጠገባቸው መቀመጥ ለመድኩ። አንዳንድ ቀንም እቤታቸው ድረስ እሸኛቸዋለሁ። ጩኸታቸው ቁጣ አለመሆኑንም ያኔ አወቅኩ። ሃያ ዓመት የመርከብ ሞተር አጠገብ ቆመው ነው ጆሯቸው የደከመው።

ሰውየው በ1963 ዓ.ም፣ ገና በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ ባሕር ኃይል ገቡ። ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። ምጽዋ ሠልጥነው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ተመደቡ። ይህች መርከብ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ነበረች። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኦርካ» ብለው የባሕር አውሮፕላኖችን ሲያገለግሉባት ቆይተው በ1954 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ሰጧት። ዕጩ መኮንኖች የሚሠለጥኑባትም እሷው ነበረች። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ንጉሡ ምጽዋ ይወርዱ ነበር፤ የአሜሪካም የሶቪየትም የጦር መርከቦች ለበዓሉ እዚያው ወደብ ላይ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር።

ሽማግሌው ግን የበዓሉን ነገር ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ታች ነው፤ ስለ ሞተር ክፍሉ። መስኮት የለም፣ ሰማይ አይታይም፣ የናፍጣው ሽታ ከልብስ አይወጣም። የሚጠጣው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ ስለሚመጣ ይመጠናል። ሥራው በአራት አራት ሰዓት ተራ ነው፤ ሌሊት ቀን የለውም። ከተራ ሲወጡ ታች ያለው አልጋ በሙቀት ስለማያስተኛ ላይ ወጥተው ከብረቱ ወለል ላይ ይጋደማሉ። «የምጽዋን ሙቀት ዕዳ ይኸው በእንጦጦ ብርድ እየከፈልኩ ነው» ይሉና ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ።

በዚያ ሞተር ክፍል ውስጥ አንድ ጓደኛ ነበራቸው። ከዳህላክ ደሴቶች የመጣ ሙስሊም፣ ዓሣ አጥማጅ አባት ያሳደገው ሰው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ይህ ሰው መርከቧ ወዴት እንደምትሄድ ማወቅ አለበት፤ ከታች ሆኖ ግን አቅጣጫ አይታወቅም። ስለዚህ የኛው ሽማግሌ ከመሪው ክፍል ጋር በሚያገናኘው ስልክ ደውለው ይጠይቁለታል። ምጽዋ ወደብ ላይ ከሆኑ ቂብላው ሰሜን ነው። ወደ አሰብ ሲወርዱ ከኋላ በስተግራ ይሆናል። መርከቧ መንገድ ስትቀይር ደግሞ ከላይ ይደወላል፣ እሳቸውም ትከሻውን ነካ አድርገው በእጃቸው ያሳዩታል፤ እሱም ሶላቱ ውስጥ እንዳለ ይዞራል። ወንድሞቼ፣ እኔ «መርከብ ላይ የሚሰግድ ሰው መርከቡ ሲዞር እሱም ወደ ቂብላ ይዞራል» የሚለውን የፊቅህ መስአላ መድረሳ ውስጥ በቃሌ ያጠናሁት ነው። ሲፈጸም ያዩት ግን እኚህ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

በ1400 ሒጅራ ረመዷን ሐምሌ ላይ ዋለ፤ ሐምሌ 1972 ማለት ነው። ምጽዋን በሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መርከቧ ጉዞ ላይ ስትሆን ጓደኛቸው የመንገደኛ ፍቃድ ስላለው ሊያፈጥር ይችላል። ወደብ ላይ ስትቆም ግን ይጾማል። ሽማግሌው አለቃቸውን አስፈቅደው የቀትሩን ተራ በሱ ፈንታ ያዙለት፤ እሱ የሳቸውን የሌሊት ተራ ያዘ። ወር ሙሉ እንዲህ አለፈ። በሁዳዴ ደግሞ በተራው ጓደኛቸው ከኩሽናው የጾም ወጥ እያስቀረ ይጠብቃቸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ታኅሣሥ 1982 ሽማግሌው ወደ አሰብ ሊሄዱ ነው፤ ጓደኛቸው ምጽዋ ይቀራል። ሴት ልጁን ሊድር ነበርና ያጠራቀመውን ብር ሰጥቶ «አሰብ ጌጥ ግዛልኝ» አላቸው። ገዙ። ሊመለሱ ቀን ሲቆርጡ፣ የካቲት 1982፣ ምጽዋ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ወደ ምጽዋ መንገድ አልነበረም። ግንቦት 1983 አሰብም ሊያዝ ሲል ከቀሩት መርከቦች ብዙዎቹ ወደ የመን ሸሹ፤ እሳቸውም አብረው ተሻገሩ። «ኢትዮጵያ» መርከብም እዚያው የመን ቀርታ በ1993 እ.ኤ.አ. ለብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉም ፈረሰ፤ እንደገና መቋቋም የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው።

ሽማግሌው የመን ውስጥ ተርበዋል። ሰዓታቸውን ሸጡ፣ ጫማቸውን ሸጡ፣ ካፖርታቸውን ሸጡ። የሰውየውን ጌጥ ግን አልሸጡም። አዲስ አበባ ገብተው እዚህ ተራራ ሥር ዘበኛ ሆነው፣ ሚስታቸው ታመው የመድኃኒት ገንዘብ ሲያጡም አልሸጡም። ከ1990 እስከ 1992 ሁለቱ አገሮች ተዋጉ፤ ስልኩም መንገዱም ተዘጋ። ሐምሌ 2010 ስልክ ሲከፈት ሽማግሌው የሚደውሉበት ቁጥር አልነበራቸውም። ወደ አስመራ ለሚሄድ ሰው ስም ጽፈው ሰጡ፤ ሰውየው ዳህላክ ድረስ ሊደርስላቸው አልቻለም። ድንበሩም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠን «ሼኪዬ፣ በናንተ ሕግ ባለቤቱ የጠፋ አደራ ምን ይደረጋል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «ተፈልጎ ከታጣና ተስፋ ከተቆረጠ በባለቤቱ ስም ሶደቃ ይሰጣል፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ከመጣ መብቱ አለ» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና «እኔ መቼ ተስፋ ቆረጥኩ?» አሉኝ።

አፈርኩ። መስአላውን አውቀዋለሁ፣ ለሰዎችም አስተምረዋለሁ። ግን መስአላው ውስጥ «ተፈልጎ ከታጣ» የሚለውን ቃል በቸልታ ነበር ያለፍኩት። እሳቸው ከ30 ዓመት በላይ ቆመውበታል።

ያን ሌሊት ትዝ ያለኝ የዐሊይ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ በተሰደዱባት ሌሊት ቁረይሾች ሊገድሏቸው ቤታቸውን ከበው ነበር። የእነዚያው ቁረይሾች ንብረት ግን ነብዩ ዘንድ በአማና ተቀምጦ ነበር። ነብዩ ዐሊይን ወደ ኋላ ያስቀሩት አማናውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው። ይህንን ታሪክ በየኹጥባው ሰምተነዋል። እስቲ እንጠይቅ፦ ጠብ ስለተነሣ አማና ቀረ? ድንበር ስለተሠመረ አማና ቀረ? አልቀረም።

ዛሬ ወጣቱ በየስልኩ ስለ ቀይ ባሕር ይከራከራል፤ ባሕሩ የማን ነው፣ ይመለሳል፣ አይመለስም ይባላል። ሽማግሌው ሬዲዮው ላይ ወሬው ሲመጣ ይሰማሉ፣ አይጨምሩም አይቀንሱም። አንድ ቀን ብቻ «ስለ ባሕሩ ሁሉም ይናገራል፣ ስለ ሰዎቹ የሚጠይቅ ግን የለም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ቆም ብለን ካሰብነው ይህ ተራራ የሚያስገርም ቦታ ነው። አፄ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 1882 ዓ.ም ነበር፤ ጣሊያን ምጽዋንና አካባቢውን «ኤርትራ» ብሎ ቅኝ ግዛት ያደረገው በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ከተራራው ሥር ሆነን በቀን አምስት ጊዜ ፊታችንን ወደዚያው እናዞራለን። አንድ ቀን ካርታ ዘርግቼ ከሽሮ ሜዳ ወደ መካ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ በእንጦጦ በኩል አድርጎ፣ ትግራይን አቋርጦ፣ ባሕሩን የሚነካው ምጽዋ አጠገብ ነው። ሱብሐነላህ! ስሰግድ የኖርኩት በዚያ ሰውዬ ቤት በኩል ነው።

ባለፈው ሻዕባን ሽማግሌው ጌጡን በጨርቅ ጠቅልለው መስጂድ ይዘው መጡ። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ልጆች የሉኝም። እኔ ስሞት ይኼ ነገር የኔ ንብረት መስሎ ይሸጣል» አሉ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ የአማና ሸክም ከባድ ነው። በመጨረሻ ኢማማችን ባሉበት ሁለት ምስክር ጠርተን ጻፍነው፦ ከማን እንደተሰጠ፣ ለማን እንደሚደርስ፣ ምን እንደሆነ። አንዱ ቅጂ ከሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ከኛ ዘንድ ነው። ፈርመው ሲጨርሱ በጣም ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እንዲህ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» ነበር ያሉት።

ከእናንተ የምፈልገው ይኸው ነው። ቤተሰባችሁ ከምጽዋ ወይም ከዳህላክ የሆነ፣ ጂዳም ሆነ ሌላ ቦታ የዚያ አገር ሰው የምታውቁ፣ በድሮው ባሕር ኃይል በሞተር ክፍል ያገለገለና በ1982 ሴት ልጁን ሊድር የነበረ አባት ካለ ጠይቁልን፤ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስሙንና የጌጡን ዓይነት ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ወድቆ የተገኘ ዕቃ ሲታወጅ ምልክቱ እንደማይነገር ታውቃላችሁ፤ ምልክቱን የሚናገረው ባለቤቱ ነው። ሙሽራይቱ በሕይወት ካለች ዛሬ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት።

ሌላም አንድ ነገር። በእጃችሁ የሰው ነገር ካለ፣ ብርም ይሁን መጽሐፍ፣ ዛሬውኑ ጻፉት፤ አስመስክሩበት። ነገ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።